ግጥሙስ አገር አለው
(ለ«አገር የሌለው ግጥም» የተሰጠ ምላሽ)

«አገር የሌለው ግጥም» በሚል ርእስ ሰሞኑን የወጣውን ጽሑፍ አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ «ስለ እናንተ ከተማ ነው፤ እስቲ ተመልከተው» ብሎ ላከልኝ። ተመለከትኩት። ጸሐፊው ስለ ድሬዳዋና ስለ ሐረር በፍቅር ነው የሚጽፉት፤ ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። የምጣላው ከዚያ ፍቅር ተነሥተው ለስደት ግጥም ካወጡለት ሕግ ጋር ነው።

ላላነበበው ሰው ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። የስደት ግጥማችን ታሟል፤ በሽታውም ወላዋይነት ነው። ገጣሚው የሄደበትን አገር አገሬ አይልም፣ የተወውንም አይረሳም፤ መሐል ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ስለዚህ ግጥሙ «አገር ይምረጥ»። ስለ ስደት መጻፍ ያለበትም የተሰደደ ሰው ብቻ ነው፤ «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ»። የተሰደደውም ቢሆን ብዙ ከቆየ ቋንቋው ይሻግታል። ድሬዳዋና ሐረር ደግሞ ማንንም ባዳ የማያደርጉ ከተሞች ናቸውና ገጣሚዎቻቸው የባይተዋርነትን እንጉርጉሮ ትተው መድኃኒቱን ይጻፉ፤ ለዚህም ሐረር የኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርቱር ራምቦ ምስክር ነው። ከዓረብ አገር በስልክ ድምፅ የሚላከው ባለ ሁለት ስንኝ «ማቃሰት እንጂ ግጥም አይደለም»። ምሥራቁ የራሱ የስደት ግጥም ባህል የለውም። በመጨረሻም ሊዘጋጅ በታሰበው የከተማችን የግጥም መድበል ውስጥ የስደተኞች ሥራ ለብቻው ተለይቶ ከኋላ እንዲገባ ይመክራሉ።

ሁሉንም እመልሳለሁ፤ ተራውን ግን እኔ አወጣዋለሁ።

ከራምቦ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። ጸሐፊው «ሐረር እንግዳውን ገጣሚ እንደ ልጇ ስላቀፈችው ብዕሩ ለመለመ» ብለዋል። ብዕሩ ሐረር ከመድረሱ በፊት ደርቆ ነበር። ራምቦ ግጥም የተወው ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ ነው። ሐረር የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ ዓደን ላይ ቢሮ የነበረው የፈረንሳይ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ፣ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል። እየወጣና እየተመለሰ እስከ 1891 በቆየባት ከተማ የጻፈው ግጥም የለም፤ ያሉን ለእናቱና ለእኅቱ የላካቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መንገድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ መሰልቸት። በሐረር ግንብ፣ በጁገል፣ ውስጥ በስሙ የሚጎበኘው ባለ ፎቅ ቤትም ከእሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ ያምራል፤ ባለ ቀለም መስታወቱም ያምራል፤ ራምቦ ግን አልኖረበትም።

ታዲያ ይህ ሰው ለማን ነው የሚመሰክረው? ዓመታት ኖሮ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ ነግዶ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ፣ ሆኖም ልቡ አልገባም። ሐረር አልበደለችውም፤ እሱም አልበደላትም። እንደዚያም ይኖራል። ጸሐፊው ለዛሬ ስደተኛ የከለከሉትን መሐል ሰፋሪነት ለራምቦ በነፃ ሰጥተውታል። ልብ ያልኩት ሌላም ነገር አለ። በጽሑፋቸው ውስጥ ራምቦ «እንግዳ ገጣሚ» ነው፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደወሌ ድንበር አድርጎ፣ ጅቡቲን አቋርጦ፣ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው የአወዳይ ልጅ ግን «ፍልሰተኛ» ነው። ሁለቱም እንጀራ ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ናቸው።

እግሩ አብጦ መራመድ ባቃተው ጊዜ ራምቦን ከሐረር እስከ ዘይላ ወደብ በቃሬዛ የተሸከሙት አሥራ ስድስት ሰዎች ነበሩ። በዚያው በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ፤ ይህን ሁሉም ይጽፈዋል። እኔን የሚያጓጓኝ ተሸካሚዎቹ ባዶ ቃሬዛ ይዘው ያን በረሃ ሲመለሱ ያንጎራጎሩት ነው። ከሐረር የስደት ግጥም አምጣ ብባል እዚያ ነበር የምፈልገው።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልውረድ።

«ድሬ ላይ ባዳ የለም» ይላሉ። ይህን ዐረፍተ ነገር እኛም እንወደዋለን፤ መድረክ ላይ ስንወጣ እንለዋለን፤ ጭብጨባም አይጎድልበትም። ነገር ግን ከተማዋ እንዴት እንደ ተቆረቆረች እንይ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት አልሆነለትም። በ1895 ዓ.ም. ተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ፤ ቦታውንም «አዲስ ሐረር» አሉት። ስትወለድ ጀምሮ የሌላ ከተማ ስም የተሸከመች ከተማ ናት እንግዲህ። የኢሳ፣ የጉርጉራና የኖሌ ሰዎች ከብትና ግመል በሚያሰማሩበት ሜዳ ላይ የባቡር ኩባንያው ከዚራ የተባለውን ሰፈር በቀጥ ያለ ጎዳናና በዛፍ ጥላ ቀየሰ። ገበያተኛውና ለፍቶ አዳሪው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈር ላይ ሰፈረ። ግሪክ፣ አርመን፣ ህንድ፣ የመናዊ፣ ከሸዋ የመጣ፣ ከሐረር የወረደ፣ ሁሉም ነበረበት። ተዋደዱ፤ ተጋቡም፤ እውነት ነው። ደቻቱ ግን መሐላቸው ነበር፤ በጋ አሸዋ፣ ክረምት ጎርፍ ሆኖ ማን ከየትኛው ማዶ እንደሆነ ሲያስታውስ ኖሯል።

ከ1967ቱ የደርግ አዋጆችና የንብረት ውርስ በኋላ ከግሪኩም ከአርመኑም አብዛኛው ሱቁን ዘግቶ ሄደ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ዳርቻ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሶማሊኛ የሚናገር ጎረቤት በጥርጣሬ ዐይን ታየ። «ባዳ የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእነዚያ ወራት የት ሄዶ ነበር? ከጦርነቱ በፊት አብረው ኳስ ሲጫወቱ ያደጉ ሰዎች አንዱ የሌላውን መታወቂያ የጠየቀበትን ቀን ማን ገጠመው? ከተማዬን ለማሳጣት አይደለም የምጠይቀው። ድሬ ላይ ሰው ሰውን የተላመደው ቀን በቀን ነው፤ የከሸፈበት ቀንም አለ። ገጣሚ የተላመድንበትን ብቻ እንዲጽፍ ማዘዝ ከተማዋን የቱሪዝም ቢሮ ፖስተር ማድረግ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ፖስተር አውቀዋለሁ። በከተማችን የግጥም ምሽቶች ሥራ እንድመርጥ እየተጠራሁ ቆይቻለሁ። ፈጢራ፣ ሙሸበክ፣ ሽርጥ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስና በየስንኙ ጫፍ ላይ የሚወድቅ «አቦ» ያልገባበት የ«ድሬ ፍቅር» ግጥም ገጥሞኝ አያውቅም። ጸሐፊው «መድኃኒት» ያሉት ይህ ከሆነ በየሳምንቱ ጠግበን እንውላለን።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ወደሚለው ልለፍ። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። ስደት ላይ ሠርዶው እዚህ ቀርቶ ነው በሬው የሄደው። አንዲት ልጅ ሪያድ ስትገባ ሁለት ቤት ይናጋል፤ የገባችበትና የወጣችበት። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብላ በየወሩ የሐዋላ መልእክት የምትጠብቅ እናት ባሕር አልተሻገረችም። ሌሊቱን የምትቆጥረው ግን በሪያድ ሰዓት ነው። ልጇ ስትደውል የምትለብሰው ቀሚስ አላት፤ በቪዲዮ ስትታይ የተጎሳቆለች እንዳትመስል። ይህችን ሴት ስለ ስደት አትጻፊ ማለት ምን ማለት ነው? የቀረው ሰው ከሄደው ሰው በቁጥር ይበልጣል። ግጥሙም ቢበዛበት አይገርመኝም።

ቋንቋ ይሻግታል ስለሚለው ብዙ አልልም። ባለቅኔው ኀይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) ከአገር ከወጣ በኋላ አሥርት ዓመታትን በባዕድ ምድር ኖሮ ስዊድን ሞተ። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ኖሮ እዚያው ዐረፈ። የአማርኛን ግጥም ታሪክ የሚጽፍ ማንም ሰው እነሱን ወደ ኋላ ገጽ አልገፋቸውም፤ ሊገፋቸውም አይችልም። ስለዚህ የጸሐፊው ሚዛን በዓመት ብዛት የሚሠራ አይደለም። የተማረና መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ውጭ ሲኖር «በስደት የሚኖር ባለቅኔ» ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ስትገጥም «ታቃስታለች»። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚሸፍተው፤ ስለዚህም እቆይበታለሁ።

ጂዳ ስትሠራ የነበረች የከተማችን ልጅ ለእኅቷ በድምፅ መልእክት የላከችው ባለ ሁለት ስንኝ በእጄ አለ። ያለ ስም እንዲወጣ ፈቅዳለች፦

የሰው ቤት አድማቂ፣ የራሴን ናፋቂ፤
ስልኬ ሲጮህ ደንጋጭ፣ ዝም ሲል ተጨናቂ።

ጸሐፊው ይህን ማቃሰት ቢሉትም፣ የሚያቃስት ሰው ስድስት ስድስት ቀለም አይቆጥርም። ይቁጠሩት፦ «የሰው ቤት አድማቂ» ስድስት፣ «የራሴን ናፋቂ» ስድስት፤ ታችኛውም እንደዚሁ። ያልተዛነፈ የወል ቤት ነው። ሴትየዋ የግጥም ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ቤቱ ከሠርግና ከለቅሶ ጋር ጆሮዋ ውስጥ ያደገ ነው።

ቀጥለን ግሱን እንፈልግ። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። «ነኝ» እንኳን አላለችም። አራት የተግባር ስም ደርድራ ዝም አለች፦ አድማቂ፣ ናፋቂ፣ ደንጋጭ፣ ተጨናቂ። ፓስፖርትና የሥራ ውል አይቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ድርድር ከየት እንደ መጣ ይገባዋል። «ሥራ» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ይሞላል። እሷ ቅጹን በራሷ ሞላችው። መጀመሪያ የተጻፈው ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ በነፃ የምትሠራቸው ናቸው፤ ናፍቆት፣ ድንጋጤ፣ ጭንቀት።

ድምፁንም ስሙት። ሦስቱ ስም በ«ቂ» ያልቃል፤ «ደንጋጭ» ብቻ ከቤቱ ይወጣል። የወጣው ደግሞ ስልኩ በጮኸበት ቦታ ላይ ነው። ሆን ብላ ያደረገችው ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም፤ ግጥሙ አድርጎታል። ስልኩ ሲጮህ ለምን እንደሚያስደነግጥ ለድሬዳዋ ሰው አይነገረውም። ወይ መርዶ ነው፣ ወይ የታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወይ የተጀመረው ቤት ቆርቆሮ አነሰ ነው። ዝም ሲል ደግሞ የባሰ ነው፤ ዝምታው ረሱኝ ማለትም፣ ደብቀውኛል ማለትም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፦ በእነዚህ ሁለት ስንኞች ውስጥ «አገር» የሚባል የለም። ቤት ነው ያለው። ጸሐፊው አገር ምረጪ የሚሏት ይህችን ሴት ነው። መኖሪያ ፈቃዷ «ከፊል» በሚባለው አሠሪዋ ስም የታሰረ ነበር፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር ቀላል አልነበረም። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። ሃያ ዓመት ብትቆይም ሳውዲ ዜጋዬ ነሽ አትላትም። ምርጫ የሚባል ነገር በፊቷ ቀርቦ አያውቅም።

ምርጫ የቀረበለት ቶሮንቶና ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ነው። ለእሱም ቢሆን ሕጉ ቀድሞ አስመርጦታል። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ በምትኩ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ይይዛል። ፓስፖርት የሰጠ ቢሮ አስመርጧል፤ የኤምባሲ መስኮት አስመርጧል፤ የአየር ማረፊያ ሰልፍ ሁለት ቦታ ተከፍሎ አስመርጧል። ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ግጥም ልጻፍ ሲል ጸሐፊው ደግሞ በር ላይ ቆመው «ምረጥ!» ይሉታል። ከኢሚግሬሽን መኮንን በምን ተለዩ?

ባይመርጥ ምን ይጎድላል? ዳዊት የደገመ ሰው የባቢሎንን ምርኮኞች ያውቃል። በወንዝ ዳር ተቀምጠው አለቀሱ፤ የማረኳቸው ሰዎች የጽዮንን መዝሙር ዘምሩልን አሏቸው፤ እነሱም በባዕድ ምድር እንዴት አድርገን እንዘምራለን ብለው በገናቸውን ሰቀሉ። አልዘምርም ማለታቸው ራሱ መዝሙር ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ። አገር ለቆ የማያውቅ የገጠር ዲያቆን ሳይቀር በግእዝ ሲደግመው ኖሯል። መዝሙሩ ባቢሎንን አልመረጠም፤ ወደ ጽዮንም አልተመለሰም። በጸሐፊው ሕግ ቢሆን ከመድበሉ ኋላ ይገባ ነበር።

ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ጸሐፊው ባይተዋርነት የሚጀምረው ባሕር ማዶ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን አገር ቤት ይፈልጋሉ። ከዚህ ከምሥራቅ የምሰማቸው ግጥሞች ግን የሚያመላክቱት ሌላ ነው። የሄደችው ልጅ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነች አልጠፋትም፤ ደመወዟን ሙሉ በሙሉ የላከችው ለዚያ ቤት ነው። የሚጠፋት ቦታዋ ነው፤ የሚጠፋትም ስትመለስ ነው።

ኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማስወጣት በጀመረች ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ተጠርዘው ከመጡት መካከል የሠፈሬ ሰዎችም ነበሩበት። አንዷ ከተመለሰች በኋላ ቡና ላይ ያለችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦

ስሄድ ስሜን ጠርተው፣ እያለቀሱልኝ፤
ስመለስ ሻንጣዬን፣ አስቀድመው ሳሙልኝ።

ቡና ላይ የነበረው ሰው በሙሉ ሣቀ፤ እናቷም ሣቁ። ከዚያ አንድ አፍታ ማንም ስኒ አላነሣም። እያንዳንዱ ሻንጣውን የሳመበትን ከንፈር ያውቃል። በላከችው ገንዘብ በተሠራው ክፍል ውስጥ የወንድሟ ሚስት ወልዳ ተኝታ ነበር፤ አራስ ደግሞ ከክፍሏ አይነሣም፤ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። እሷ ሳሎን ላይ ፍራሽ ተነጠፈላት። ቤቱ እሷ በሌለችበት መኖርን ለምዶ ነበር፤ እንዲያውም እሷ ባለመኖሯ ነበር የሚኖረው። ለሰፈሩ ሰውም ስሟ ተለውጧል፤ «ዓረብ አገር የነበረችው» ነው የምትባለው። በደህናው ጊዜ በስሟ ብቻ ነበር የምትጠራው።

ይህን ግጥም በየትኛው አገር እንመድበው? በሳውዲ? ሳውዲ የለችበትም። የወቀሳው ደጅ እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ባዳ የለባትም የተባለችው። ጸሐፊው የባይተዋርነትን ግጥም ተዉ ሲሉን ሳያውቁት የሚያስጥሉን ወደ ቤታችን የሚያመለክተውን ጣት ነው።

የተስማማንበት ነገር እንዳለ ልናገር። ከስደት ግጥም አብዛኛው መጥፎ ነው ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ባሕር፣ ዓሣ፣ የእናት እንባ፣ የበረሃ አሸዋ፤ አራቱን አዋሕዶ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው። መድረክ ላይ የሚያለቅስ ወጣት አይቻለሁ፤ ከግጥሙ ግን ጀልባው ላይ ስንት ሰው እንደ ተጫነ፣ ውሃ በምን እንደ ተያዘ፣ ደላላው ገንዘቡን ከማን ቤት እንደ ተቀበለ አንዲት ነገር አላገኘሁም። እዚህ ድሬዳዋ ደላላውን የማያውቅ ሰፈር የለም! ባሕሩን ለመግጠም ኦቦክ መሄድ አያስፈልግም፤ ገንዘቡ የተቆጠረበትን ሳሎን መግጠም ይቻል ነበር። የእነዚያ ግጥሞች ድክመት አገር አለመምረጥ አይደለም። አጠገባቸው ያለውን አላዩም።

«ምሥራቁ የስደት ግጥም ባህል የለውም» ለሚለው የምመልሰው አጭር ነው፤ ጸሐፊው የቆጠሩት በአማርኛ የታተመውን ብቻ ነው። መጋላ ውስጥ ገብቶ ጠጋ ብሎ ያዳመጠ ሰው እንዲህ አይልም። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. እስከ 1972 ድረስ በይፋ የተወሰነ ጽሕፈት አልነበረውም፤ ግጥሙ የኖረው በቃል ነው። ጥበቡም ከእኛ ይለያል፤ እኛ ቤት የምንመታው በስንኙ መጨረሻ ነው፣ እነሱ በመነሻ ድምፅ ያያይዙታል፤ አንዴ የተመረጠው ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየስንኙ ይመለሳል። ሴቶቹ ቡራንቡር የሚሉት የራሳቸው ግጥም አላቸው። ካሴት ከመጣ በኋላ አንድ ሰው ጅቡቲ ወይም ሞቃዲሾ ላይ የገጠመው በሰው ኪስ ድንበር ተሻግሮ ሌላው ከሌላ ከተማ ይመልስለት ነበር። ዛሬ ጂዳ ላይ ተቀርጾ ሳቢያን የሚደርሰው የድምፅ መልእክት የዚያ ካሴት ልጅ ነው። በኦሮምኛ ጌረርሳ የሚባለው የቃል ግጥም አለ። የሐረሪዎችንም ብንወስድ ከጁገል የወጣው ትውልድ ልጆቹን ቶሮንቶ እያሳደገ ነው፤ የሠርጉን ዘፈን ግን ይዞት ሄዷል። ባህል የለም ከማለት በፊት ጎረቤትን አስተርጉምልኝ ማለት ይቀድማል። ይህን ያህል መተርጎም የሚችል ሰው ደግሞ ከድሬዳዋ በላይ የትም አይገኝም።

የቀረው የመድበሉ ነገር ነው። ጸሐፊው «የስደት ግጥሞች» የሚል የተለየ ክፍል ከኋላ ይደረግ ብለዋል፤ አንባቢው እንዳይደናገር። ሄዳ የተመለሰችውን የት ያስገቧታል? ቀርታ የምትጠብቀውን እናትስ? ከሸዋ መጥቶ አርባ ዓመት ከዚራ የኖረውን፣ እስካሁን ግን ስለ ተጉለት ብቻ የሚገጥመውን ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛስ? እሱ የድሬ ገጣሚ ነው ወይስ ስደተኛ? ክፍል ለመክፈል የተነሣ ሰው ሁሉም ሰው ደጅ ላይ መታወቂያ መጠየቅ ይኖርበታል። ያንን ጥያቄ በ1969ም ጠይቀነዋል።

እኔ የማቀርበው ቀላል ነው። ሥራዎቹ በመጀመሪያ ስንኛቸው ፊደል በሀ ሁ ቅደም ተከተል ይግቡ። በሌላ ቋንቋ የተገጠመው ከትርጉሙ ጎን በራሱ ቋንቋ ይታተም። በድምፅ የመጣው በባለቤቱ ፈቃድ ይጻፍ፤ ቤቱና ምቱ እንዳይበላሽ የሚያውቅ ሰው ያዳምጠው። ለታተመው ሁሉ ክፍያ ይኑር፤ ዓረብ አገር ላለችውም በሐዋላ ይላክላት፤ አንድ ጊዜ እንኳን ገንዘብ ወደዚያ ቢሄድ ምንም አይደለም።

የሁለቱን ባለ ሁለት ስንኞች ባለቤቶች ለመድበሉ ጠይቄያቸዋለሁ። የስልኩ ባለቤት በስሟ እንዲገባ ተስማምታለች። የሻንጣዋ ግን እዚህ ያለ ስም ይውጣ ብላ ብትፈቅድም ለመጽሐፉ ስሟን ከልክላለች፤ «ወንድሜ ያነበዋል» አለችኝ። ስለዚህ ያለ ስም ይገባል። ፊደሉም ሰ ስለሆነ ከኋላ አይወድቅም።